ዘር ሰብስቦ በረሃብ የሞተው ሰው

ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ያገሬ ሰው። ይህችን ተረት በዛሬው ዘመን በጋዜጣ ላይ ማንሳት ትንሽ ያስፈራል። ዘር የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ጆሯችን የሚቆመው ስለ ብሔርና ስለ ጎሳ ሊወራ ነው በሚል ነውና። ውድ አንባቢ፣ ለዛሬ ይቅርታ ይደረግልኝ። የማወራው ገበሬው በጎታው ስለሚያስቀምጠው ዘር ነው። እግረ መንገዴን ግን ስለዚያኛው ዘርም የምለው ሳይኖረኝ አይቀርም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ። እምዬ እያልን የምንጠራቸው አያቴ ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጎታው ተሟጦ፣ ከብቱ አልቆ ሰው ሁሉ ግራ በገባው ሰዓት ከቤታቸው ምሰሶ ላይ አፉ በእበት የተመረገ አንድ ቅል ተንጠልጥሎ ነበር። ውስጡ ለዘር የተቀመጠ ገብስ ነው። እኛ ልጆቹ እያየነው እንተኛለን፣ እያየነው እንነሳለን። እምዬ ግን አልከፈቱትም። ያን ጊዜ ጭካኔ መስሎኝ ነበር።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። ከአዝርዕት ሳይንስ ጋር የሚያገናኘኝ አንዳች ነገር አልነበረም። ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ የሚባለውን ሩሲያዊ የተዋወቅሁትም በሳይንሱ በኩል ሳይሆን በፍርዱ በኩል ነው። በስታሊን ዘመን ስለተሰጡ ፍርዶች ሳነብ፣ በጥቂት ደቂቃ ችሎት ሞት ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል አንዱ ኢትዮጵያን በበቅሎ ያቋረጠ የስንዴና የገብስ ሊቅ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ አልለቀቀኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነጋዴው ልጅ

ቫቪሎቭ በኅዳር 1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጁ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1891 እና በ1892 ሩሲያን ብርቱ ረሃብ መታት። አባትየው ልጁን ለንግድ ቢያስበውም ልጁ ግን የግብርና ትምህርት መረጠ። የመመረቂያ ጥናቱም በሞስኮ አካባቢ ሰብል ስለሚያጠፉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ፊዚክስ ተማረ። ይህን ወንድም አንባቢ ያስታውስልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

በ1913 ወጣቱ ቫቪሎቭ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ቤትሰን ስለ ውርስ የሚያጠናውን ሳይንስ በ1905 ጄኔቲክስ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ነው። ሳይንሱ ያኔ ገና ጨቅላ ነበር። ግሪጎር ሜንዴል የሚባለው መነኩሴ በአተር ላይ ያደረገውን ምርምር በ1866 አሳትሞ ማንም ሳያየው ቆይቶ፣ የዓለም ሊቃውንት እንደገና ያገኙት በ1900 ነው። ሜንዴል ያሳየው ነገር ለማስረዳት ቀላል ነው። የአባትና የእናት መልክ በልጅ ላይ እንደ ቡናና ወተት ተዋህዶ አይጠፋም። ይልቁንም እንደ ባቄላና አተር ነው፤ ቢደባለቅም እያንዳንዱ ፍሬ ራሱን ችሎ ይኖራል። በልጅ ላይ የተደበቀው በልጅ ልጅ ላይ ብቅ ይላል። ዛሬ ጂን የምንለው ይህንን የውርስ ቅንጣት ነው።

የቁም ጸሐፊው ስህተት

ጂን እንዴት ይለወጣል? ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በድሮ ዘመን ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ በሺህ የሚቆጠሩ ፊደላትን ከብራና ወደ ብራና ሲያሻግር አልፎ አልፎ አንዷን ፊደል ይስታል። ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጠው ተማሪ ስህተቷን እንዳለች ይወስዳታል፤ የተማሪው ተማሪም እንዲሁ። አብዛኛው ስህተት ንባቡን አይለውጠውም። አንዳንዱ ንባቡን ያበላሻል። አልፎ አልፎ ግን ሳይታሰብ የተሻለ ትርጉም የሚሰጥ ይገኛል። በሕያዋን ውስጥ ይህ የመገልበጥ ስህተት ሚውቴሽን ይባላል።

ስህተቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም። ፈራጁ አካባቢው ነው። ውርጭ ባለበት ደጋ ውርጭ የሚችለው ተርፎ ዘር ይተካል፣ የማይችለው ይቀራል። ይህ የተፈጥሮ ምርጫ ነው። የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ ችሎት የሚገርመኝ በአንድ ነገር ነው፤ የማንንም ስም አይጠይቅም፣ የማንንም ቃል አያምንም፣ ውጤቱን ብቻ ያያል።

እንክርዳድ

በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል ሰሜን ፋርስ የሰፈረው የሩሲያ ጦር ዳቦ በልቶ ያዞረው፣ ራሱን ይስት ጀመር። ምክንያቱን እንዲያጣራ ቫቪሎቭ ተላከ። ዋናው ጥፋተኛ በአካባቢው ስንዴ ውስጥ በብዛት የተቀላቀለው እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። ወንጌል ለምናውቅ ለእኛ ስለ እንክርዳድ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደጋ ያደገ ሰውም ለቅሞ ካልጣሉት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ቫቪሎቭ ከዚያ ወደ ፓሚር ተራሮች ወጣ። እዚያ ራይ የሚባል የስንዴ ዘመድ ሳይዘሩት በስንዴ ማሳ ውስጥ በቅሎ አየ። ገበሬው ሲያርም ስንዴ የማይመስለውን ይነቅላል፤ በመልኩ ወደ ስንዴ የቀረበው ራይ ከአራሚው ዓይን ያመልጣል። በአጨዳ ጊዜም ፍሬው ቀድሞ ያልረገፈው ከስንዴው ጋር አውድማ ገብቶ ለሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። ገበሬው ሳያውቀው አረሙን ስንዴ እያስመሰለው ሄደ ማለት ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ብርዱ ስንዴውን እያዳከመ ራዩ ይበዛል፤ ከሁሉም በላይ ባለው ማሳ ራዩ ብቻውን ይቀራል። አረም የነበረው እህል ሆነ።

ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በገብሳችን መሐል የሚበቅለው ሲናር ያው ነው። ፍሬው እንደ ዱር ዘመዶቹ ቶሎ አይረግፍም፤ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ከገብሱ ጋር ተወቅቶ፣ ከገብሱ ጋር መልሶ ይዘራል። የሲናር የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ የኢትዮጵያ ዝርያ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ የሚጠራው በቫቪሎቭ ስም ነው።

በ1920 ቫቪሎቭ በሳራቶቭ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ የተመራመረበትን ሕግ አቀረበ። የሚዛመዱ ዕፅዋት በሚመሳሰል መንገድ ይለያያሉ የሚል ነው። አንዱ የስንዴ ዓይነት ጺም ያለውና ጺም የሌለው ዛላ ካለው፣ የስንዴው ዘመድም ሁለቱንም ሊኖረው ይገባል፤ እስካሁን ካልታየ ስላልተፈለገ ነው። ዘመዳሞች ከአንድ አያት የወረሱት ጂን ስለሚመሳሰል፣ ስህተቱም ይመሳሰላል። ሰሚዎቹ ቫቪሎቭን ያልተገኙ ንጥረ ነገሮችን አስቀድሞ ከተነበየው ከሜንዴሌቭ ጋር አወዳደሩት።

በበቅሎ ወደ ጎንደር

በ1926 ባሳተመው ሥራው ቫቪሎቭ የሰው ልጅ የሚመገባቸው ሰብሎች መነሻ ጥቂት ተራራማ አካባቢዎች እንደሆኑ ተከራከረ። የአንድ ሰብል ዓይነት እጅግ በበዛበት ስፍራ መነሻውም እዚያ ሊሆን ይችላል አለ። ከእነዚህ ጥቂት ማዕከላት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1927 መጀመሪያ ላይ ራሱ መጣ።

ያን ጊዜ በሶቭየት ኅብረትና በኢትዮጵያ መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበረም። ቢሆንም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፣ ፈቃድም ሰጡት። ስለ ሩሲያ አብዮትም ጠይቀውታል። ከዚያ በቅሎ አስጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ አክሱም እያለ አስመራ ደረሰ። በየመንገዱ ከማሳውና ከገበያው ዛላና ፍሬ ይለቅማል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ናሙና ይዞ ተመለሰ። በየትም አገር ብዙም ያልታየ ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ አገኘ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት በተናገረው ሕግ መሠረት መኖር አለበት የሚባለውን ጺም አልባ የማካሮኒ ስንዴ አገኘ። በወረቀት ላይ ያሰበውን በእኛ ገበሬ ማሳ ላይ ቆሞ አየው።

በሁሉም ግን አልተሳካለትም። የስንዴና የገብስ መነሻ ኢትዮጵያ ናት ብሎ ገምቶ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ሁለቱ ሰብሎች መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ወደ እኛ መጥተው ተራራና ሸለቆው፣ ውርጭና ፀሐዩ፣ ከሁሉም በላይ ገበሬው እየመረጠ ብዙ መልክ ሰጣቸው። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የራሳችን ናቸው። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ ሊቁን አክብሮ ስህተቱን ያርማል።

የዚህን ብዛት ዋጋ አንድ ምሳሌ ያሳየናል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመናውያን ከኢትዮጵያ በሰበሰቡት ገብስ ውስጥ አንድ ሚውቴሽን ተገኘ። በቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው የሻጋታ በሽታ ወደ ገብሱ ሲገባ የሚጠቀምበት ጂን አለ። በእኛ ገብስ ላይ ይህ ጂን ተበላሽቷል። በሩ ስለተበላሸ ሌባው መግቢያ አጣ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ አዳቃዮች ይህን ባሕርይ ወደ ቢራ ገብሳቸው አስገቡት፤ ከአርባ ዓመት በላይም ሲያገለግላቸው ኖሯል። አንድ የቁም ጸሐፊ ስህተት፣ አንድ ስሙ የማይታወቅ ገበሬ ያቆየው።

የሁለት ዓመት ተስፋ

ቫቪሎቭ በ1930ዎቹ ክብሩ ጫፍ ላይ ነበር። የሶቭየት የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከአፍጋኒስታን እስከ ጃፓን፣ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ተጉዞ በሌኒንግራድ የተከማቸው የዘር ስብስብ በ1940 ወደ 250 ሺህ ናሙና ደርሶ ነበር። ነገር ግን አገሪቱ ተርባለች። ገበሬው በግዳጅ የጋራ እርሻ ውስጥ እንዲገባ ከተደረገ በኋላ በ1932 እና በ1933 የደረሰው ረሃብ ሚሊዮኖችን ፈጀ። ባለሥልጣኖቹ ጥፋቱን የሚጭኑበት ሰው፣ ከዚያም ቶሎ የሚደርስ ተአምር ይፈልጉ ነበር።

ተአምሩን ይዞ የቀረበው ትሮፊም ሊሴንኮ ነው። የገበሬ ልጅ ነው፣ አንደበቱ ይሞቃል። የስንዴ ዘርን ከመዝራት በፊት አርጥቦ ማቀዝቀዝ አበባውን ያፈጥነዋል አለ፤ ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን በዚህ መንገድ የሰለጠነ ስንዴ ጠባዩን ለልጁ ያወርሳል፣ ጂን የሚባል ነገርም የለም አለ። ጆሮው የተተለተለ በግ ጆሮው ሙሉ የሆነ ግልገል እንደሚወልድ የእኛ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ስታሊን ግን ወደደው። ቫቪሎቭ አዲስ የስንዴ ዓይነት ለማውጣት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል ሲል፣ ሊሴንኮ በሁለትና በሦስት ዓመት አደርሳለሁ ይላል። ለተራበ አገር መሪ የትኛው ይጥመዋል?

የሚገርመው ቫቪሎቭ ራሱ መጀመሪያ ላይ ወጣቱን አበረታቶት ነበር። ነገሩ ሲገባው ግን ወደ ኋላ አላለም። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። ቫቪሎቭ በ1939 ኤድንብራ ለተጠራው የዓለም የጄኔቲክስ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም መንግሥቱ እንዳይሄድ ከለከለው።

እዚህ ላይ ስለዚያኛው ዘር አንድ ነገር ልበል። የሊሴንኮ ሰዎች ጄኔቲክስን የፋሺስቶች ሳይንስ ብለው ያወግዙ ነበር። ለዚህ ሰበብ የሰጠቻቸው የናዚ ጀርመን ናት። እርሷ በ1933 ባወጣችው ሕግ የውርስ በሽታ አለባችሁ ያለቻቸውን ሰዎች በግዳጅ ታመክን ነበር፤ ኋላም በዘር ስም ሚሊዮኖችን ፈጀች። አንዱ መንግሥት ጂንን ጣዖት አደረገው፣ ሌላው የለም ብሎ ካደው። ሁለቱም ሳይንሱን አልሰሙትም። ሳይንሱ የሚለው በሰው ልጆች መካከል ያለው የውርስ ልዩነት አብዛኛው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚገኝ ነው። ልዩነት ደግሞ ለገብሱም ለሰውም የመትረፊያ ስንቅ እንጂ ዕዳ አይደለም። ይህን ለእኛ አገር ፖለቲከኞች መንገር ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ነግሬአለሁ።

የደቂቃዎች ችሎት

ነሐሴ 6 ቀን 1940 ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን ዕፅዋት እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። ለአሥራ አንድ ወር ገደማ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ፣ አብዛኛውን በሌሊት፣ ምርመራ ተደረገበት። ክሱ የእንግሊዝ ሰላይነት፣ የሴራ ድርጅት አባልነትና ግብርናን ማበላሸት ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1941 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወታደራዊ ችሎት ጉዳዩን ተመለከተ። ጠበቃ የለም። ምስክር የለም። ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ፍርዱ ሞት ነበር። ወንጀል ሠራ የተባለበት ዘርፍ ምን እንደሆነ ከሦስቱ ዳኞች አንዱም እንደሚገባው መዝገቡ አያሳይም። ሕግ የተማርኩ ሰው እንደመሆኔ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ችሎቱ ሕግ አልጎደለውም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለ ተከራካሪና ያለ ይግባኝ እንዲታይ የሚፈቅድ ሕግ ከታኅሣሥ 1934 ጀምሮ ወጥቶ ነበር። በሕግ ተፈረደበት፣ ያለ ፍትሕ። የይቅርታ ማመልከቻውም በዚያው ወር ውድቅ ሆነ።

ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲጠጉ እስረኞች ወደ ኋላ ተጋዙ። ቫቪሎቭ የተወሰደው ሕጉን ለዓለም ወዳስተዋወቀባት ወደ ሳራቶቭ ነው። ከሞት ፍርደኞች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ታጎረ። እዚያም አብረውት ለታሰሩት ስለ ሕይወት ሳይንስ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በ1942 ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስር ተለወጠ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የውጭ አባሉ አድርጎ መረጠው።

ባለቤቱ የለና ባሩሊና የምስር ዘር ተመራማሪ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ትንሹን ልጃቸውን ይዛ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተሰደደች፤ ከተማዋም ሳራቶቭ ናት። ባሏ ሞስኮ ያለ መስሏት ካላት ላይ እየቆጠበች ስንቅ ወደ ሞስኮ ትልክ ነበር። እርሱ ግን በዚያችው ከተማ በእግር በሚደረስበት እስር ቤት ውስጥ በረሃብ እየሟሸሸ ነበር። ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በትክክል የት እንደሆነ አይታወቅም።

የተራቡት ዘቦች

ሌኒንግራድ ከመስከረም 1941 ጀምሮ ለ872 ቀናት ተከበበች። ያን ሁሉ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና ገብስ የያዘው የቫቪሎቭ ተቋም በከተማዋ መሐል ነበር። ሠራተኞቹ አለቃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቁም። አይጥ እየጠበቁ፣ ብርዱን እየተከላከሉ ዘሩን ጠበቁት። የሩዝ ተመራማሪው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በረሃብ ሲሞት በአጠገቡ በሺህ የሚቆጠር የሩዝ ከረጢት ነበር። የኦቾሎኒው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሹኪንም እንዲሁ ሞተ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ማንም ቢበላው ባልፈረድንበት ነበር። አልበሉትም።

በ1945 ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ቫቪሎቭ የሶቭየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ወንድሙን የገደለው መንግሥት ሾመው፣ እርሱም ተቀበለ። በ1948 ጄኔቲክስ በአገሪቱ በይፋ ተወገዘ፤ መምህራን ተባረሩ፣ መጻሕፍት ተሰበሰቡ። ሊሴንኮ ከጄኔቲክስ ተቋም ኃላፊነቱ የተነሳው በ1965 ነው። ወታደራዊው ችሎት በበኩሉ በነሐሴ 1955 የራሱን ፍርድ ሽሮ ቫቪሎቭ ወንጀል እንዳልነበረበት አስታወቀ። ለመፍረድ ደቂቃዎች፣ ለማረም አሥራ አራት ዓመት።

እኛስ?

በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ገበሬው የአገሩን ዘር በማሳው ላይ እያለማ እንዲጠብቅ በመሥራታቸው በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ሆኖ አይተነዋል። በጤፍ ዱቄት ላይ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ያወጣውን የፈጠራ መብት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ሽሮታል። ተቋማችን ዛሬም አለ፣ ስሙም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። እዚያ ያለ ዘር ጠባቂ ከሌለው ግን እንደ ማንኛውም እህል ይበላል፣ ይነቅዛል፣ በጦርነትም ይቃጠላል። ሊሴንኮም በአንድ አገር ብቻ የሚበቅል አረም አይደለም። ባለሙያ የማይደፍረውን ቀነ ገደብ ደፍሮ በሚናገር ሰው የማይደሰት ባለሥልጣን ስንት አይተናል?

የእምዬ ቅል የተከፈተው ዝናብ ሲመጣ በሚቀጥለው ክረምት ነው። ገብሱ ተዘራ፣ በቀለ። የመጀመሪያውን እሸት ለእኛ ለልጆቹ ሰጡን። ከዚያ ከአዲሱ ምርት ደህና ደህና ዛላውን ለይተው፣ ቅሉን መልሰው ሞልተው፣ አፉን በእበት መርገው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት።